መርዶ ይዘን ወደ አክስቴ ውዴ አገር

ከጎንደር ዳባት ሩቅ አይደለም። በጠዋት የተሳፈረ ሰው ረፋድ ላይ ይደርሳል። ከዳባት አክስቴ ውዴ ወደምትኖርበት ወደ ላይ ሚካኤል መንደር ያለው መንገድ ደግሞ በደህና ቀን ግማሹ በማኪና፣ ግማሹ በእግር ነው። እኛ ግን ቸኩለን ወጥተን በማግስቱ ማታ ደረስን። ለምን እንደ ቸኮልን፣ በመንገድ ማን እንደ ረዳን፣ እዚያስ ምን እንደ ጠበቀን የጻፍኩት በሩቅ ላላችሁ ዘመዶቻችን ነው። ለለቅሶው መድረስ አልቻላችሁም፤ መንገዱን ግን እወቁት።

አስማማው የአክስቴ የውዴ አንድዬ ልጅ ነው። ጎንደር የተማረው እኔ ቤት ተቀምጦ ነው። ልጄን ሕይወትን አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ኋላ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ፤ ካርቱም ግንብ ይሠራ ነበር። በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ረቡዕ ማታ፣ አብሮት የሚኖር ልጅ ደወለልኝ። ታሞ ብዙም ሳይቆይ አረፈ አለኝ። እዚያ ያሉ ያገራችን ልጆች ተሰብስበው ቀብረውታል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ በሰው አገር አፈር የሚያለብሰው አላጣም።

እናቱ አልሰማችም። መርዶውን ይዞ መሄድ የእኔ ነበር። ሕይወት ጮኻ ልታለቅስ ስትል አፏን በነጠላዬ ያዝኩ። ጎረቤት ከሰማ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል ብዬ ነው። ዝም በይ አልኳት፤ እሷም ዝም አለች። ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ

ያደረሱን ጎረቤታችን ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ጨርቅ ይነግዳሉ። አስማማው ተማሪ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው ይሠራ ነበር። ለእሳቸው ሳልነግር ማደር አልቻልኩም። ሰምተው፣ መርዶ በሕዝብ ማኪና አይሄድም፣ እኔ አደርሳችኋለሁ አሉ። ፒካፓቸው ዕቃ ልታደርስ ሄዳ ስለ ነበር የተነሣነው ከቀትር በኋላ ነው። ከፊት ሦስታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ሐጂ፣ እኔ፣ ሕይወት። ሬዲዮኑን ዘጉት። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያስነጥስ፣ እኔም ሽቅብ ስወጣ እንዲህ ነኝ ብለው ሊያሥቁን ሞከሩ።

አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል ጎማው ተነፈሰ። ትርፉም ጎማ የሚያስተማምን አልነበረም። እየተንፏቀቅን ጎሚስታው ዘንድ ደረስን። ጎንደር ሞቃት ከተማ አይደለችም፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ጋር ስትተያይ ግን ቆላ ናት። ነፋሱ በጋቢ ውስጥ ያልፋል። ጎረቤቱ ሻይ የምትሸጠው ሴት መንቀጥቀጤን አይታ አግዳሚ ወንበሯን ፀሐይ ወዳለበት ጎትታ አስቀመጠችኝ። ጾሜን እንዳልፈታሁ ስታውቅ ሻዩን ትታ የራሷን ፎጣ አለበሰችኝ።

ጎሚስታው ጎማውን ገላብጦ አየና፣ "ሐጂ፣ ይሄ እኮ ጡረታ መውጣት ነበረበት" አለ።

"እኔም ነበረብኝ። ለጥፍልኝ" አሉት።

በዚህ መሐል አንድ ወጣት ከሻይ ቤቱ ወጣ። ሕይወትን ከዩኒቨርሲቲ ያውቃታል። እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ነፍስ ይማር። ፌስቡክ ላይ አየሁት። ወንድምሽ ነው አይደል?" አላት።

ምኑን ነው ያየው አልኳት። ስልኳን ሰጠችኝ። አስማማው ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ወንዝ ዳር ቆሟል። ከጎኑ የሚነድ ጧፍ አድርጋለታለች። ከሥሩ፣ አዝለህ ያሳደግኸኝ ወንድሜ ነፍስህን ይማረው ብላ ጽፋለች። ከዚያ በታች የሰው ስም ነው። አንዳንዱን አውቀዋለሁ፤ ብዙውን አላውቀውም። ጣቴን ባወርድ ባወርድ አያልቅም።

ምን ብዬ እንደ ተናገርኳት አላስታውስም። እሷ ያለችኝን ግን አልረሳውም።

"ዝም በይ አልሽኝ እማ። እሺ አልኩሽ። የት ልበለው ታዲያ?"

ሐጂ የጎማውን ነገር ትተው መጡ። እናቱ ስልክ አላቸው ወይ ብለው ጠየቁ። አላት። አስማማው አምና ለፋሲካ ባትሪ ያላት ትንሽ ስልክ ልኮላት ነበር። ቤቷ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ይይዛል። ካርቱም አርብ ሥራ የለም፤ ስለዚህ አርብ አርብ በቀትር ይደውልላት ነበር። እሷም ዝናብ ቢሆን ፀሐይ ቢሆን አርብ ጉብታው ላይ ትወጣለች። ሌላ ቀን ስልኩ ጠፍቶ ሙዳይ ውስጥ ያድራል።

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አሉ ሐጂ።

ሕይወት ፎቶውን አጠፋችው። ግን አንዴ ታይቷል። አክስቴ ፌስቡክ የላትም፤ ያየ ዘመድ ሁሉ ግን ስልክ አለው። የእኛ ሰው ደግሞ ሐዘን ሰምቶ ዝም አይልም። ያልደረሰ፣ ያላጽናና ሰው እንዳይባል ይቸኩላል። የፈራሁት ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግ ሰው ነው።

ዳባት ስንገባ መሽቶ ነበር። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሴትዮ ሽሮ አቀረበችልን። ጾም መሆኑ በጀን። ፍስክ ቢሆን የእኛና የሐጂ ሥጋ ለየብቻ ነበር፤ ሽሮ ግን የማንም ነው። ከአንድ ገበታ በላን። የምንሄድበትን ስትሰማ ከራሷ አልጋ ብርድ ልብስ አንሥታ ለእኔና ለልጄ ደረበችልን። የጎንደር ሆቴል ቢሆን ብርድ ልብስ ለምነንም አናገኝም ነበር።

ሕይወት ነገ በጠዋት ለእትየ ውዴ እንደውልና ጉብታው ላይ አትውጪ እንበላት አለች። ስልኩ እንደ ጠፋ ነው። ቢበራስ ምን ብለን? ምክንያቱን ሳይነግሩ አትውጪ ማለት ራሱ መርዶ ነው።

የልጆቼ አባት ሲሞት ለእኔ የተነገረኝ ንጋት ላይ ነው። ጎረቤቶቼ አጥሩ ጥግ ቆመው ኖሯል። አንዷ ምድጃውን ጋረደች፤ አንዷ ወገቤን ያዘች፤ የንስሐ አባቴ ተናገሩ። ስወድቅ ያረፍኩት ሰው ላይ ነው። ይህን ለሕይወት ነግሬአት አላውቅም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚነገር ነገር አይመስለኝም ነበር።

አርብ

ሌሊቱን ዘነበ። በዚህ ወራት ዝናብ አልጠበቅንም። ከዳባት ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ጥቁር አፈር ነው፤ በጋ ላይ ሸጋ፣ ሲዘንብ ሰው የሚውጥ። እኛ ከተማ ዝናብ ከጣለ ድንጋይ እየመረጥን እንሻገራለን። እዚህ ድንጋይ የለም፤ ሁሉም የታረሰ ነው።

ፒካፓ አንድ ጅረት ማዶ ላይ ተቀረቀረች። ሐጂ ቢያስነሡ፣ እኛ ብንገፋ ጎማው ቦታውን ቆፈረ እንጂ አልወጣም። ፀሐይዋን አያለሁ። ማዶ፣ ሩቅ፣ የላይ ሚካኤል ዛፍ ይታያል። ከዛፉ በላይ ራሰ በራ ጉብታ አለ። ከዚያ ርቀት ሰው አይለይም፤ ሕይወት ግን ዓይኗን ከዚያ አላነሣችም።

ቀትር እዚያው ጭቃው ውስጥ አለፈ።

ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ደረሱብን። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ በቅሎ ይዘዋል። "ምነው በዚህ ጭቃ? ሠርግ ነው?" አሉ።

"አይ አያ፣ መርዶ ነው" አልኳቸው።

ሌላ ቃል አልጠየቁም። ሸክማቸውን አውርደው ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ገቡበት። ማኪናዋን ወደ ኋላ አወጧት፤ ወደ ፊት ግን የምትሄድበት መንገድ አልነበረም። ሽማግሌው የበቅሏቸውን ኮርቻ አስተካክለው ተቀመጪ አሉኝ። የእርስዎ መንገድ በዚህ ነው ወይ ብላቸው፣ ዛሬ በዚህ ነው አሉ። ሐጂ የማኪናቸውን ነገር አይቼ እከተላችኋለሁ ብለው ቀሩ። ሕይወት ጫማዋን በእጇ ይዛ ከበቅሎዋ ኋላ ተከተለች። ስልኳ ጢን ጢን ሲል ሰማሁ፤ አውጥታ ሳታየው አጠፋችው።

ላይ ሚካኤል የደረስነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። አክስቴ እንዳታየን በወንዙ በኩል ዞረን ጎረቤቷ አያ ጥጋቡ ቤት ገባን። አያ ጥጋቡ ገና ሲያዩን ገባቸው። በሩን ዘጉ። ባለቤታቸው ስንዱ እግራችንን አጠበችን። ጎንደር ቤቴ እንግዳ ሲመጣ መታጠቢያው በዚያ ነው ብዬ አሳያለሁ እንጂ የሰው እግር ካጠብኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ጉብታው ነው።

"ወጣች፤ ወረደች" አሉ አያ ጥጋቡ። "በዚሁ ነው ያለፈችው። እንዴት ነው ልጁ ብላት፣ ዛሬ አልደወለም አለችኝ።"

"ሌላ ሰውስ ደወለ?"

"ሌላ ያለችኝ የለም። እንደ ወትሮዋ ናት። ላሟንም አልባለች።"

ተመስገን አልኩ። ሚካኤል ደረሰልን አልኩ። ሕይወት መሬት ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፤ ከረቡዕ ወዲህ ደስ ሲላት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያን ምስጋናዬን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በአጥሩ ቀዳዳ አክስቴን አየናት። ጥጃዋን እየጠራች ወደ በረት አስገባች። በሩን ዘጋች። ጭሷ ወጣ። እንደ ወትሮዋ ነበረች።

ሐጂም ማኪናቸውን ለገበሬዎቹ አደራ ሰጥተው፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው፣ በእግራቸው ደረሱ። ስንዱ ለለቅሶው ንፍሮ ዘፈዘፈች። አያ ጥጋቡ የአክስቴን የንስሐ አባትና ጎረቤቶቿን ሊነግሩ ወጡ።

ቅዳሜ

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ቄሱ ከፊት፣ አያ ጥጋቡና ሐጂ ከኋላቸው፣ ከዚያ ሴቶቹ። ወገቧን ማን እንደሚይዝ፣ ምድጃውን ማን እንደሚጋርድ ተነጋግረናል። ቄሱ የሚሉትን በልባቸው ይዘዋል። ውሻው አልጮኸም።

በሩን ሳንነካው ተከፈተ።

አክስቴ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ ላይ ሆኗል። ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋለች። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። ሐጂንም አየቻቸው።

"ምነው ቆያችሁ?" አለች።

ቄሱ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የያዙት ቃል አልወጣም። እሷ ናት ቀድማ የወደቀችው። ወገቧን ልትይዝ የተመደበችው ሴት ደንግጣ ቆማ ስለ ነበር የያዝናት እኔና ሕይወት ነን። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀትር ላይ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ የሆነውን ነገረችን። አርብ ጉብታው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ስልኩ ጮኸ። አስማማው ነው ብላ አነሣችው። የባሕር ዳሩ የአጎታችን ልጅ ነው። ፌስቡክ ላይ አይቶ፣ እናቱ ሳትሰማ ፎቶ አይወጣም ብሎ፣ ከሁሉ ቀድሞ ላጽናና ብሎ ነው የደወለው። ልጅ ሳለ የተቀመጠው እሷ ቤት ስለ ነበር፣ ከሰው ኋላ መሆን አልሆነለትም።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ" አለች አክስቴ። "ምን አገኘኝና? አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው ነገረኝ።"

ታዲያ ለምን አልጮኽሽም፣ ለምን ለአያ ጥጋቡ አልነገርሽም አሏት ሴቶቹ።

"ራሷን የምታረዳ ሴት አይታችኋል?" አለቻቸው። "ብጮህ፣ ለአስማማው መርዶ የሚያመጣ ዘመድ ጠፋ፣ እናቱ ብቻዋን ከተራራ ጮኸች ሊባል ነው። ልጄ ዘመድ አለው። ይመጣሉ አልኩ። እስኪመጡ ያዝኩት።" ቀጥላም፣ "ደግሞም የነገረኝ ስልክ ነው፤ ሰው አልነገረኝም። ሰው እስኪነግረኝ ድረስ ያልሞተ መሰለኝ" አለች።

ስለዚህ ከጉብታው ወርዳ ላሟን አለበች። ጥጃዋን ጠርታ አስገባች። እኛ በአጥሩ ቀዳዳ ስናያት፣ ተመስገን ስንል፣ እሷ ይዛው ነበር። በሚቀጥለው ቤት ሆነን ንጋትን ጠበቅን። እሷም በዚህ ቤት ሆና እኛን ጠበቀች። በመካከላችን አንድ አጥር ነበር።

የባሕር ዳሩ ዘመዳችን ኋላ ሰምቶ መናገር እስኪያቅተው ለእኔ ደውሎ አለቀሰ። አትፍረዱበት። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እደውል ነበር።

እሑድ

ከየአጥቢያው ሰው መጣ። ሐጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ዋሉ። ገበሬዎቹ ስለ ጨርቅ ዋጋ ሊነዘንዟቸው ቢሞክሩ፣ ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው አሏቸው። የቁርባን ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ አክስቴ ሕይወትን አጠገቧ አስቀምጣለች።

"ሰው ሁሉ ያየው ፎቶ የቱ ነው?" አለቻት።

ልጄ ወደ እኔ አየች። ስልኳን አውጥታ ሰጠቻት። አክስቴ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ወደ ብርሃን ዞረች። ከአገር ከወጣ ወዲህ ፊቱን አላየችውም ነበር። የእሷ ስልክ ድምፅ ያሰማል እንጂ ፎቶ አያሳይም።

"ወፍሮ ነበር ለካ" አለች። "ሸጋ ሆኖ ነበር።"

"አጥፍቼዋለሁ እትየ። አሁን ማንም አያየውም። ይቅር በይኝ" አለች ሕይወት። እግሯ ላይ ወደቀች።

"ምነው አጠፋሽው? ልጄ እኮ ነው።"

ሕይወት ረቡዕ ማታ ዝም እንዳሰኘኋት፣ ጓዳ ገብታ የጻፈችው ስለዚያ እንደ ሆነ ነገረቻት። አክስቴ የሕይወትን ራስ እያሻሸች ሰማቻት።

"አንቺም ብቻሽን ነበርሽ በይኛ" አለቻት።

ሁለቱ አብረው አለቀሱ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አልገባሁም።

ሰኞ

መንገዱ ደርቆ ነበር። ፒካፓን ገበሬዎቹ አጥበው፣ ከወንበሩ ሥር ለሐጂ አንድ ቁና ባቄላ አስቀምጠው አገኘናት። የበቅሎዋን ሽማግሌ ላመሰግን ብጠይቅ ቤታቸው በሌላ አቅጣጫ፣ ከወንዙ ማዶ እንደ ሆነ ነገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ የምለው ለማን እንደ ሆነ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ዳባት ላይ ሴትዮዋን ስለ ብርድ ልብሷ አመሰገንኳት። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሐጂ የተለጠፈው ጎማ አለመተንፈሱን ለጎሚስታው በመስኮት ነገሩት። እሱም እጁን አነሣ።

ከፊት ወንበር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሕይወት ከትምህርቷ አስፈቅዳ እስከ አርባው እዚያ ቀርታለች። እኔ አላዘዝኳትም። ስንነሣ የአክስቴን ስልክ ከአያ ጥጋቡ የፀሐይ መብራት ላይ ሰክታ፣ የሚደውለውን ሁሉ እኔ አነሣለሁ አለችን።

ጎንደር ስንደርስ መብራቱ በርቷል። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ወጣት ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ድሮ ይህን ሳይ እቆጣ ነበር። አሁን ከመካከላቸው ዝም የተባለ ማን ይሆን እላለሁ።

በቀጣዩ አርብ፣ በቀትር፣ ደወልኩ። አስማማው የሚደውልበት ሰዓት ባዶውን እንዳይሆን ብዬ ነው። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ጉብታው ላይ ናቸው። ያነሣችው ሕይወት ናት።

ደህና ዋልሽ ከማለቴ በፊት፣ "ከአጠገቧ ማን አለ?" አልኳት።

"እኔ አለሁ እማ።"

"እንግዲያው አቀብያት" አልኩ።